ኢሙሌተር ላይ አለፈ ማለት ኤአርኤም ላይ አለፈ ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ የሶፍትዌር ድርጅት የኤአርኤም (የስልኮች ዓይነት ፕሮሰሰር) ማሽኖቹን ከቴስት አውጥቶ ሁሉንም ነገር ኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰር) ሰርቨር ላይ በኪውኢሙ ዩዘር ሞድ፣ ማለትም የአንዱን ፕሮሰሰር ፕሮግራም ሌላው ላይ በሚያስኬድ ኢሙሌተር፣ ለማስኬድ ወስኗል። ይሁን፣ ገንዘቡ የራሳቸው ነው። እኔን ያበሸቀኝ የቴክኒክ ኃላፊው የሰጠው ምክንያት ነው፣ «ሲስተም ኮል እኮ ምንም የለውም፣ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው» አለ። (ሲስተም ኮል ማለት ፕሮግራም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ሥራ የሚጠይቅበት ጥሪ ነው፣ እያንዳንዱ ጥሪ ቁጥር አለው።)

ቁጥር መቀየር ብቻ! አዎ፣ ራይት (መጻፊያው ኮል) ኤአርኤም64 ላይ ቁጥሩ 64 ነው፣ ኤክስ86-64 ላይ ደግሞ 1፣ ይሄንን የአንደኛ ዓመት ተማሪም በአንድ ሰንጠረዥ ይጨርሰዋል። ታዲያ የኪውኢሙ የሊኑክስ ሲስተም ኮል ፋይል ለምን ከ13 ሺህ መስመር በላይ ሆነ? ሰዎቹ ስራ ፈተው ነው? ፋይል የሚከፍተውን ኦፕንን ብቻ እንይ፣ ኤክስ86 ላይ «ዳይሬክተሪ ካልሆነ አትክፈት» የሚለው ፍላግ 65536 ነው፣ ያው ቁጥር ኤአርኤም ላይ «ካሹን ትተህ በቀጥታ ከዲስክ አንብብ» ይሆናል። የኢፖል (ብዙ ኮኔክሽን በአንዴ የሚከታተለው ኮል) ስትራክትም፣ ማለትም የዳታው ቅርጽ፣ እንደዛው ነው፣ ኤክስ86-64 ላይ 12 ባይት፣ ኤአርኤም64 ላይ 16። የኮሉን ቁጥር ብቻ ቀይረህ ብታሳልፈው ሁሉም ነገር ይመሰቃቀላል።

እነዚህን ኪውኢሙ በደንብ ይሰራቸዋል፣ አልክድም። ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቪፎርክን ውሰዱ፣ አዲስ ፕሮሰስ የሚፈጥር ኮል ነው። በቪፎርክ የተወለደ ልጅ ፕሮሰስ ሌላ ፕሮግራም እስኪጭን ድረስ ከወላጁ ጋር አንድ ሜሞሪ ይጋራል፣ ወላጁ እስከዛ ቆሞ ይጠብቃል። የጂሊብሲ (የሊኑክስ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ፖዚክስ ስፖን፣ ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሳው ፈንክሽን፣ ከ2016 ጀምሮ የቆመው በዚህ ላይ ነው፣ ልጁ ፕሮግራሙን ካጣው ኤረሩን እዛው የጋራ ሜሞሪ ላይ ይጽፍና ይሞታል፣ ወላጁ ሲነቃ ያነበዋል፣ በቃ። ኪውኢሙ ግን ቪፎርክን በተራ ፎርክ (ለልጁ የራሱን የሜሞሪ ኮፒ በሚሰጠው) ይተካዋል፣ ስለዚህ ልጁ ኤረሩን የሚጽፈው የራሱ ኮፒ ላይ ነው፣ ወላጁ ጋ ያለው ዜሮ እንደሆነ ይቀራል፣ ዜሮ ማለት ደግሞ «ተሳክቷል» ነው። የሌለ ፋይል አስነሳልኝ ትለዋለህ፣ «እሺ፣ አስነሳሁ» ይልሃል! ልጁ እኮ 127 የሚል የኤረር ኮድ ትቶ ሞቷል። የስፖንን መልስ ብቻ የሚያይ ቴስት ካለህ ረዳት ፕሮግራሙ ኢሜጁ ውስጥ ሳይገባ ተረስቶ እንኳን አረንጓዴ ያበራልሃል። ኤረሩን በትክክል የሚጠብቅ ቴስት ከጻፍክ ደግሞ ጭራሽ ትክክለኛው ኮድህ ይወድቃል፣ ከዛ ምን ይደረጋል? ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ቴስቱን ስኪፕ ያደርጉታል። ይሄ በየትኛው ሰንጠረዥ ነው የሚስተካከለው? የትኛው ቁጥር ተቀይሮ ነው?

እምቢ ቢል እኮ ይሻላል። ኢሙሌተሩ ውስጥ ስትሬስ ወይም ጂዲቢ (ሌላ ፕሮግራምን የሚከታተሉ መሣሪያዎች) ለማስነሳት ሞክሩ፣ ፒትሬስ (የሚከታተሉበት ኮል) የለም ብሎ ፊት ለፊት ይነግራችኋል፣ ቢያንስ ታውቁታላችሁ። የሚያስፈራው በፈገግታ የሚዋሸው ነው።

ደግሞ ሥሩን እንነጋገር ካልን ዩዘር ሞድ ማለት ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው የሚመሰለው፣ ከርነሉ የሆስቱ ነው። ውስጥ ሆናችሁ በዩኔም (የማሽኑን ዓይነት በሚነግረው ትዕዛዝ) ብትጠይቁት ኤአርኤም64 ነኝ ይላል፣ የሚሰራው ግን ያው የሰርቨሩ ኤክስ86 ከርነል ነው፣ ፔጁም (ከርነሉ ሜሞሪውን የሚከፋፍልበት ቁራጭ) 4 ኪሎባይት። ራስበሪ ፓይ 5 (ትንሽ የኤአርኤም ኮምፒውተር) ይዞት የሚመጣው ከርነል ፔጁ 16 ኪሎባይት ነው፣ 4 ብቻ ነው ብሎ የተጻፈ ሜሞሪ አሎኬተር እዛ ገና ሲነሳ ይወድቃል። ይሄን በዩዘር ሞድ፣ ኤክስ86 ከርነል ላይ ተቀምጦ የሚሮጥ ቴስት አያየውም። (የሜሞሪ ኦርደሪንጉን፣ ማለትም ሜሞሪ የሚጻፍበትና የሚነበብበትን ቅደም ተከተል፣ ነገር አላነሳሁትም፣ እሱ ለብቻው ያስለቅሳል።)

ዶከር ኢሜጅ ቢልድ ለማድረግ ከሆነ ተጠቀሙበት፣ ቀርፋፋ ነው እንጂ ያደርሳል፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ቴስት ግን ሌላ ነገር ነው። እና እባካችሁ ብር የለንም በሉ፣ ማሽን መጠበቅ ሰለቸን በሉ፣ ማንም አይፈርድባችሁም፣ «ቁጥር መቀየር ብቻ ነው» አትበሉን። ሪሊዝ ኖታችሁ ላይም «ኤአርኤም ላይ ተፈትኗል» የሚለውን አንሱና «በኤክስ86 ከርነል ላይ፣ በኢሙሌተር ተፈትኗል» ብላችሁ ጻፉ፣ ደንበኛው አንብቦ ይግዛ ወይም ይተወው።