ቻይናን ያሳደጋት የደመወዝ ማነስ አይደለም

ቻይና እ.ኤ.አ. በ2025 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለዓለም የሸጠችው ዕቃ ከገዛችው ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በላይ እንደሚበልጥ የአገሪቱ ጉምሩክ አስታውቋል። ዶናልድ ትራምፕ ቀረጥ ቆልለውባትም ወደ አሜሪካ የምትልከው ሲቀንስ ወደ አፍሪካና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ የምትልከውን ጨመረች። ወሬው እንደተሰማ የተለመደው አስተያየት ተከተለ፦ ጉልበቱ ርካሽ ነው፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ማን ይችላታል? ይህን አባባል ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የቻይናን ጥንካሬም ድክመትም ያሳስታል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እኛ ዘንድ ፖሊሲ ሆኖ ሰው ጎድቷል።

ሼንዘን እ.ኤ.አ. በ1980 ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ተብላ ስትከለል፣ ርካሽ ጉልበት ያልነበረው ድሃ አገር አልነበረም። ሕንድ ነበረው፣ ባንግላዴሽ ነበረው፣ እኛም ነበረን። ቻይና የነበራት ሌላ ነው። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ መሠረታዊ ሕክምና ያገኘ ወጣት ነበራት። ከሆንግ ኮንግ፣ ቆይቶም ከታይዋን ትእዛዝና ማሽን ይዘው የሚሻገሩ ባለሀብቶች ነበሯት። ወደብ፣ መንገድና መብራት ከፋብሪካዎቹ ቀድመው ተዘርግተዋል። ዶንግጓን ውስጥ ጫማ የሚሠራ ፋብሪካ ሶሉን፣ ማስቲሹን፣ ክሩን፣ ካርቶኑን እዚያው ከተማ ያገኛል። ትእዛዝ ዛሬ ቢለወጥ ዕቃው ነገ ይደርስለታል። በዚህ ላይ አንድ ዶላር እስከ ሐምሌ 2005 ድረስ በ8.28 ዩዋን ተቸንክሮ ቆየ፣ ይህም ዕቃዋን በውጭ ገበያ ርካሽ አደረገው፤ በታኅሣሥ 2001 ደግሞ የዓለም ንግድ ድርጅት በሩን ከፈተላት። በ2009 ጀርመንን አልፋ የዓለም ቀዳሚ ላኪ ሆነች፤ በ2010 በኢኮኖሚ ስፋት ጃፓንን ቀደመች።

ዛሬ የቻይና ጉልበት ርካሽ አይደለም። በሻንግሃይ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 2,740 ዩዋን ገብቷል፤ ይህ ከ370 ዶላር በላይ ነው። ምስጢሩ ርካሽነት ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው ሁሉ ይህን ጊዜ ጓዙን ጠቅልሎ ሄዶ ነበር። ስፌትና ጫማ በከፊል ወደ ቬትናምና ወደ ባንግላዴሽ ሄዷል። ቻይና ግን ቦታውን በኤሌክትሪክ መኪና፣ በባትሪና በፀሐይ ኃይል ፓነል ተካችው። በዓለም በየዓመቱ ከሚተከሉት የኢንዱስትሪ ሮቦቶች ከግማሽ በላይ የሚተከሉት እዚያ ነው።

ታዲያ ደመወዙ ምንም አይደለም ማለቴ ነው? አይደለም። ጉዳዩ ያለው ግን ሠራተኛው በሚቀበለው ብር ብዛት ላይ ሳይሆን ካመረተው ላይ በሚደርሰው ድርሻ ላይ ነው። የቻይና ቤተሰቦች ፍጆታ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በአሜሪካ ይህ ቁጥር ወደ 68 በመቶ ይጠጋል። ደመወዝ አድጓል፣ በጣም አድጓል፤ ምርታማነት ግን ለረጅም ጊዜ ቀድሞት ሄደ። ልዩነቱ ወደ ኩባንያዎች፣ ወደ ክልል መንግሥታትና ወደ ባንኮች ፈሰሰ። ሕዝቡ በባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ ለዓመታት እዚህ ግባ የማይባል ወለድ እየተከፈለው ለመንግሥት ድርጅቶች በርካሽ ብድር ተሰጠ።

በ2009 ቻይና ውስጥ የተገጣጠመውን አይፎን የመረመሩ ባለሙያዎች ያገኙትን ማንሳት ይበቃል። የአንዱ ስልክ የማምረቻ ወጪ 179 ዶላር ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ ለመገጣጠሚያ የተከፈለው 6 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ቀሪው የጃፓን፣ የኮሪያ፣ የጀርመንና የአሜሪካ ዕቃ አቅራቢዎች ነው። በቀጣዩ ዓመት አይፎን የሚገጣጥመው ፎክስኮን ሼንዘን ባለው ግቢ ወጣት ሠራተኞች እየተከታተሉ ራሳቸውን ከፎቅ ሲወረውሩ ኩባንያው በመኝታ ሕንፃዎቹ ዙሪያ መረብ ዘረጋ፤ መነሻ ደመወዙንም ከ900 ወደ 1,200 ዩዋን አሳደገ። በዚያው ሰሞን ፎሻን ያሉ የሆንዳ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ጭማሪ አስገኙ። ጭማሪው የመጣው በሕይወትና በአድማ ነው። ነፃ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ግን እስከ ዛሬ ክልክል ነው፤ የተፈቀደው በፓርቲው ሥር ያለው አንዱ ማኅበር ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሁኮው የሚባለው የነዋሪነት መዝገብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ቀበሌ መታወቂያ የኖረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ የቻይናው ግን ከልጅ ልጅ የሚወረስ ነው። ከገጠር ወጥተው የሚሠሩት 300 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ከሲቹዋን ገጠር መጥታ ጓንግዶንግ ውስጥ አሥር ዓመት የሰፋች እናት ልጇን እዚያው ማስተማር ይከብዳታል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን በአብዛኛው የሚፈተነው በተመዘገበበት ክፍለ አገር ነውና። ስለዚህ ልጁ አያቶቹ ጋ ይቀራል፤ እናቱን የሚያያት በጨረቃ ዘመን መለወጫ ባቡር ተጨናንቃ ስትመጣ ነው። ስትታመም የከተማው ዋስትና በሙሉ አይሸፍናትም፤ ስታረጅ የሚጠብቃት የገጠር ጡረታ ነው። ቻይናውያን በባህላቸው ቆጣቢ ናቸው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩት ደስ ይለኛል። የሚቆጥቡት ስለሚፈሩ ነው።

ሟቹ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ከቺያንግ በግንቦት 2020 600 ሚሊዮን ሰው በወር 1,000 ዩዋን ገደማ እንደሚያገኝ በአደባባይ ሲናገሩ ብዙ የአገራቸው ሰው ደነገጠ። ቀጥሎ በ2021 ግዙፉ የቤት ገንቢ ኩባንያ ኤቨርግራንዴ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ የቤት ዋጋ ወረደ፤ ጥሪቱን በቤት ላይ ያሳረፈው መካከለኛው ገቢም ኪሱን ዘጋ። ቤጂንግ ገንዘቡን ለቤተሰቦች ከመስጠት ይልቅ ለፋብሪካዎች ብድር አደረገችው። ፋብሪካው ያመርታል፤ አገር ውስጥ የሚገዛ የለም፤ ስለዚህ ይላካል። ያ የ1 ትሪሊዮን ዶላር ብልጫ ሲነገር የጉልበት ምልክት ብቻ አድርገን የምናየው ነገር፣ ግማሽ ምክንያቱ የቻይና ሠራተኛ ራሱ የሠራውን መግዛት አለመቻሉ ነው። ሌላውም አገር እስከ መቼ ይቀበላል? የአውሮፓ ኅብረት በጥቅምት 2024 በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ጥሏል፤ ብራዚልና ቱርክም አጥር ማበጀት ጀምረዋል።

ወደ እኛ ስመጣ የሚቆጨኝ ያየነውን ግማሹን ብቻ መውሰዳችን ነው። መለስ ዜናዊ በ2011 ሼንዘን ሄደው የጫማ አምራቾችን ጋበዙ፤ የቻይናው ጫማ አምራች ኋጂየን በ2012 ዱከም ላይ ማምረት ጀመረ። ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ለባለሀብቱ በኩራት የተነገረው የደመወዙ ትንሽነት ነበር። በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የልብስ ሰፊዎቻችንን መነሻ የወር ደመወዝ 26 ዶላር ብሎ መዘገበው፤ የባንግላዴሽ 95 ሲሆን። በዚህ ደመወዝ ሐዋሳ ላይ ቤት ተከራይቶ መብላት አይቻልም። ልጆቹ አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራዩ፣ ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ፤ አሠሪዎቹም ሠራተኛ አይጸናም እያሉ አማረሩ። ክሩ፣ ቁልፉ፣ ዚፑ ሁሉ ከውጭ ይመጣል፣ ጅቡቲ ላይ ይቆማል። በጥር 2022 አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ስታስወጣን ገዢዎቹን የሚያቆይ ሌላ ምክንያት አልነበረንም። ዶንግጓንን ዶንግጓን ያደረገው የሶልና የማስቲሽ ሰፈር ሳይኖረን፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ ብቻ ይዘን ነው የተወዳደርነው። ኢንዱስትሪ ፓርኮቻችንን እንደገና ለመሙላት የሚሯሯጡ ኃላፊዎች አሁንም በብሮሹራቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጉልበቱን ርካሽነት የሚጽፉ ከሆነ ያንኑ ጉዳት ይደግሙታል። ከደመወዙ ወለል፣ ከሠራተኛ መኖሪያና ከአገር ውስጥ ግብዓት አቅራቢዎች ይጀምሩ።

ቻይናም ብትሆን መፍትሔውን አጥታው አይደለም። የኮሙኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ በጥቅምት 2025 ባደረገው ስብሰባ የቤተሰብ ፍጆታን ድርሻ ከፍ እንደሚያደርግ ቃል ገብቷል። ለገጠር አረጋውያን የሚከፈለው ዝቅተኛው መሠረታዊ ጡረታ በዚያው ዓመት በ20 ዩዋን ጨምሮ በወር 143 ዩዋን ደርሷል፤ 20 ዶላር ያህል ማለት ነው። ጓንግዶንግን የሰፉት፣ ሻንግሃይን የገነቡት ሰዎች እያረጁ ወደ መንደራቸው እየተመለሱ ያሉት ወደዚህ ጡረታ ነው። ቤጂንግ ቃሏን ማክበር ከፈለገች መጀመሪያ መንካት ያለባት ይህንኑ 143 ዩዋን ነው።