ውዳሴ ወንፊት

እጅሽ ይባረክ የጎጃም ባለሙያ! ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ፣ ስንዴ አስፈጭቶ ሳይነፋ የሚጋግር ቤት ካለ እንግዳ አይደርስበትም ማለት ነው። ጨዋ ቤትማ ሁለቴ ይነፋል፤ ነጩ ለሰው፣ ፉርሽካው ለበሬ። 100 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት 10 ግራም ያህል ፋይበር (ሆድ የማይፈጨው የእህል ክፍል) አለው፤ ፉርኖ ዱቄት ግን 3 ግራም እንኳ አይሞላም። የቀረውን በሬው እያመሰኳው ነው፤ ጤናውም ያስቀናል። አባወራው ግን የስኳር በሽታ መድኃኒቱን፣ ሜትፎርሚኑን፣ በነጭ ዳቦ ያወራርዳል።

ጤፍ ብቻ አስቸገረን። ደቃቅ ስለሆነ ከነቅርፊቱ ይፈጫል፣ ወንፊትም አይለየው። ለዚህም ብልሃት አላጣንም፤ የፎገራ ሩዝ ቀላቅለንበት እንጀራው ነጣ፣ ፋይበሩም ሳሳ።

አጃማ የአራስ አጥሚት ነው፣ ወንድ ልጅ ምን አገባው? አሜሪካኖቹ ናቸው የተሞኙት። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣናቸው በ1997 እ.ኤ.አ. ለአጃ፣ ኋላም ለገብስ፣ የልብ ሕመም ስጋትን ሊቀንስ ይችላል ተብሎ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ፈቀደ። ምክንያቱ ቤታ ግሉካን የተባለው ፋይበር ነው፤ ሆድ ውስጥ ውሃ ሲያገኝ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ስኳሩ ወደ ደም ቀስ ብሎ ይገባል። የሐሞቱንም አሲድ ይዞ ስለሚወጣ ጉበት ሌላ ሐሞት ለመሥራት ከደም ኮሌስትሮል ይስባል። በቀን 3 ግራሙ ይበቃል።

ከሁሉም የሚደነቀው ግን በአንድ ሌሊት የሚለወጠው ሰው ነው። «በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ፋይበር» ሲባል ሰምቶ ሰኞ ጠዋት ፉርሽካውን በጭልፋ ይጀምራል፣ ያውም ያለ ውሃ። ማክሰኞ ሆዱ ይነፋል፣ ረቡዕ ይደርቃል፣ ሐሙስ «አልተስማማኝም» ብሎ ወደ ፉርኖው ይመለሳል። የአንጀት ተህዋስያን ፋይበሩን ሲያብላሉ ጋዝ ስለሚያወጡ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ፣ ውሃ እየጠጣ፣ ባቄላውን ማታ ዘፍዝፎ ውሃውን እየደፋ ቢቀቅል ኖሮ ይለምደው ነበር። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ብቻ 15 ግራም ያህል ይሰጠዋል። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ደግሞ ምግቡን ሲለውጥ ስኳሩ እንዳይወርድበት አዘውትሮ መለካት አለበት፤ ግን ጀግና ይለካል እንዴ?

ቀጠሮው ሲደርስ «ዶክተር፣ ቁርሴ የገብስ በሶ ነው» ይላል ደረቱን ነፍቶ። የተበጠበጠበትን ሦስት ማንኪያ ስኳር ማን ጠየቀው?