የ1910ሩ የኮብና የላጆይ ፉክክር

ጋዜጦች በ1910 (እ.ኤ.አ.) ለከፍተኛው የምት አማካይ (ምቶች ለመምታት ሙከራዎች ሲካፈሉ) የተፎካከሩትን የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋቾች የታይ ኮብንና የናፕ ላጆይን ቁጥር ሆን ብለው አዛብተዋል መባሉ አያስኬድም። ሁለቱ የሚጫወቱበት አሜሪካን ሊግ ይፋዊውን ቁጥር የሚያወጣው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ስለነበር፣ ጋዜጦቹ ከየዕለቱ የጨዋታ ሰንጠረዥ እየደመሩ የየራሳቸውን ያትሙ ነበር። አጨቃጫቂ ኳስ ሲመጣ አንዱ ምት፣ ሌላው የተከላካይ ስህተት ይለዋል፤ ልዩነቱ ከዚያ ይመጣል።

ይልቅ የሚያሳፍረው ኦክቶበር 9 በሴንት ሉዊስ የሆነው ነው። የተጋጣሚው ቡድን አሰልጣኝ ጃክ ኦኮነር፣ ላጆይ በቀላሉ ምት እንዲያገኝ፣ የራሱን ጀማሪ የሦስተኛ ቤዝ ተከላካይ ወደ ኋላ እንዲርቅ አዘዘው፤ ላጆይም አብዛኛውን ጊዜ ኳሷን ቀስ አድርጎ እየነካ በሁለት ጨዋታ 8 ምት ሰበሰበ። ሊጉ ግን ኮብን 0.385 ለ0.384 አሸናፊ አደረገው። በ1981 የኮብ አንድ ጨዋታ፣ በ3 ሙከራ 2 ምት ያገኘበት፣ ሁለት ጊዜ መመዝገቡ ይፋ ወጣ። ስለዚህ አማካዩን ከመቅዳታችሁ በፊት ጨዋታዎቹን በየቀናቸው ቁጠሩ፣ በተለይ በአንድ ቀን ሁለት የተደረጉትን።