ለሚፈርስ ቤት ስቱኮ

«ጋሼ፣ ትንሽ ስቱኮ ብታስነኩት፣ ሳሎኑንም ነጭ ብታደርጉት እኮ ቤቱ አፍ አውጥቶ ይናገራል» አለኝ ደላላው። ይናገር ይሆናል፤ የሚናገረውን ግን ደላላው የሚወደው አይመስለኝም። ቤቱ ጉለሌ ያለ፣ ከእናታችን የወረስነው የጭቃ ቤት ነው። በየክረምቱ ከሥሩ እርጥበት ይስባል። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ የዘይት ቀለም የተቀባውም ለውበት ሳይሆን ያንን ለመሸፈን ነው። የጓዳው ኮርኒስ ዛሬም አቡጀዲ ነው፤ አይጥ ከላይ ሲሮጥ የት ጥግ እንደደረሰ ተኝቶ መከታተል ይቻላል። ጭቃ ላይ የተለሰነ ስቱኮ ደግሞ ግድግዳው ርሶ በደረቀ ቁጥር እየተሰነጠቀ ይረግፋል።

ደላላው ግን ለገዥዎች «ቪላ» እያለ ነው የሚያወራው። «ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ይሏታል ጅግራ» የሚለውን ተረት የምወደው ለዚህ ነው። 2 በመቶ ኮሚሽን ያላት አሞራማ ከጅግራም ትበልጣለች! እንዲያውም በየቤቱ ጅግራ አለ። ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሰው፣ እስከ ረፋድ የሚተኛውን ሥራ ፈት «በግሉ ይሠራል» ብሎ ይድረው የለም? እኔን የምታሳዝነኝ አሞራዋ ናት፤ ስሟ ሲለወጥ ማን አማከራት?

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድማችን ደግሞ ደውሎ የራሱን አመጣ። እዚያ አገር ቤት ለሽያጭ ሲቀርብ የቤተሰብ ፎቶ ከግድግዳ ይወርዳል፤ ገዥው ራሱን እዚያ ቤት ውስጥ እየኖረ እንዲያይ ነው አለ። ታላቅ እህታችን «የእማዬን ፎቶ ነው አውርጂ የምትለኝ?» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው። ደግሞስ የትኛው ገዥ ነው ራሱን ጭቃ ቤታችን ውስጥ የሚያየው? የመጣው ሁሉ ራሱን የሚያየው ጂ ፕላስ 4 ሰገነት ላይ ቆሞ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የከተማው ቦታማ ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ጀምሮ የመንግሥት ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ የምንሸጠው ቤቱን ብቻ ነው። እስካሁን ከመጡት ገዥዎች ግን አንድም ስለ ቤቱ የጠየቀ የለም። «ስንት ካሬ ነው? ካርታው እገዳ የለበትም? መኪና ያስገባል?» በቃ። የምንሸጥለትን ገዥው ያፈርሰዋል፤ የሚገዛውን ደግሞ እኛ አልሸጥንለትም። እና ስቱኮው ለማን ነው? ለውልና ማስረጃ?

ካሬ ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ከጀርባችን ያሉት ጎረቤት የቆርቆሮ አጥራቸውን ባደሱ ቁጥር አጥሩ ወደ እኛ ግቢ ይራመዳል። እናታችን «ለግማሽ ክንድ መሬት ከጎረቤት አልጣላም» እያለች ዝም አለቻቸው፤ ለዓመት በዓልም ጠላ ትልክላቸው ነበር። እሳቸው የእናቴን ጠላ እየጠጡ የእናቴን ግቢ ይበሉ ነበር ማለት ነው! አሁን ሲለካ ቦታው ካርታው ላይ ካለው አንሶ ተገኘ። ያች ግማሽ ክንድ በዛሬ የካሬ ዋጋ ሰፈሩን በሙሉ ታስቀባ ነበር። ይሉኝታ የሚባለው ነገር አጥር ሆኖ ቢያውቅ ኖሮ... ተዉት፣ ይብሰኛል።

ሰሞኑን እኚሁ ሰው በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። የቆሙት የኛው መሬት ላይ ነው። «ልጄ፣ ቀለም ብታስቀቡት እኮ ጥሩ ዋጋ ያወጣል» አሉኝ። «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» አልኳቸው። ምን ልበል?

ለማንኛውም፣ እህቴ እስኪሸጥ እዚያው ስለምትኖር የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስደፈንን፤ የግቢውን በርም ዝገቱን አስፍቀን ቀባነው። ሌላው እንዳለ ነው። ትናንት የመጣው ገዥ ግቢውን በእርምጃ ለካና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ተስፋ አደረግሁ። «ቆርቆሮውን ነቅላችሁ ትወስዱታላችሁ ወይስ ለኔ ነው?» አለ። መልስ ሳልሰጥ ደላላው ቀደመኝ፦ «ቪላው ከነቆርቆሮው ነው!»