ይድረስ ለሞላው ስልክ፣ ካለህበት

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? «ከአንተ ናፍቆት በቀር እኔ ደህና ነኝ» ማለት ነበረብኝ፤ የደብዳቤ ወጉ እንዲያ ነው። ግን መቼ ፋታ ሰጠኸኝና ልናፍቅህ! ዛሬ በጎረቤት እጅ ትመጣለህ። ነገ ከአክስቴ ቦርሳ ትወጣለህ። ከነገ ወዲያ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ አይቻቸው ከማላውቃቸው ሴትዮ ተቀብላ ይዛህ ትገባለች። «የኔ ልጅ ኮምፒውተር ነው የተማረችው፤ ለሷ አንድ አፍታ ነው» ብላ ቃል ገብታልኝ። ባለቤትህ ይቀያየራል እንጂ አንተ ያው አንተ ነህ። ጥግህ የተሰነጠቀ፣ ሽፋንህ የወየበ፣ ግንባርህ ላይ «ቦታ የለም» የሚል ማስታወቂያ የለጠፍክ።

እስካሁን በወጉ ስላልተዋወቅን ልንገርህ። እኔ እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ቤቴ ቁጭ ብዬ የምሠራ ፕሮግራመር ነኝ። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ስልክ ጥገና አይደለም። ስልክ ጠጋኝ ፒያሳ ብትወርድ ሞልቷል፤ ጎበዞችም ናቸው። ችግራቸው አንድ ነው፤ ያስከፍላሉ። እኔ ግን «የኛ ልጅ» ነኝ።

ሁልጊዜ የምትመጣበትን ሰዓት እንዴት እንደምታውቅ ግን አንድ ቀን ብታስረዳኝ ደስ ይለኛል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከባልደረቦቼ ጋር በቪዲዮ እንገናኛለን። አዲስ አበባ ያሉ አሉ፣ ባሕር ዳር ያለ አለ፣ እኔ ከዚህ። ትናንት ምን ሠራሽ፣ ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ፣ ምን አስቸገረሽ እንባባላለን። «ምን አስቸገረሽ» የሚለው ላይ ስደርስ በሩ ይከፈታል። በኛ ግቢ በር ማንኳኳት ለእንግዳ ነው። የግቢያችን ትልቅ ሰው እማማ አንተን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይገባሉ።

«አንቺዬ፣ ሥራ ይዘሻል እንዴ?»

«አዎ እማማ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«ተቀምጠሽ ሳይሽ ጊዜ እኮ ነው። አፈር ስሆን፣ ይቺን አንዴ እይልኝ። የልጅ ልጄን ፎቶ አላስገባ አለችኝ።»

አለቃችን ከስክሪኑ ውስጥ ሆኖ «ደህና አደሩ እማማ» ይላል። እማማ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ ይሉና፣ «አለቃሽ ይሄ ነው? ምነው እንዲህ ከሳ?» ይሉኛል። ማይኩ ክፍት ነው።

እሺ፣ እንክፈትህ። ፎቶዎችህ ውስጥ ገባን። መጀመሪያ የሚመጡት የእንኳን አደረሳችሁ ሥዕሎች ናቸው። ጽጌረዳ፣ ሻማ፣ የሚያብረቀርቅ ጽሑፍ። ያው የዘንድሮ እንቁጣጣሽ ሥዕል ከእህታቸው በኢሞ፣ ከዕድሩ በቴሌግራም፣ አሜሪካ ካለችው ልጃቸው በዋትስአፕ መጥቷል። ሦስቱም ለየብቻ ተቀምጠዋል። አንተም «ይሄ እኮ አለኝ» አላልክም። ቀጥሎ የተቆለፈ ስክሪን ፎቶ። ከዚያ ሌላ የተቆለፈ ስክሪን ፎቶ። እማማ አንተን ሲያነሱ ማብሪያህንና ድምፅ መቀነሻህን አንድ ላይ ጨምቀው ነው የሚይዙህ፤ አንተ ደግሞ ይህን እንደ ትእዛዝ ቆጥረህ ስክሪንሾት ታነሳለህ። በዚህ የተነሳ እማማ በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት ስልካቸውን እንዳነሱ የተሟላ ማስረጃ አለን። ፍርድ ቤት ቢፈልገው እናቀርባለን።

ከዚያ ከተራው ይመጣል። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ እማማ ከእልልታው ጋር አንተን ከፍ አድርገው ይዘው ነበር። ጥራቱ ከፍ ያለ ቪዲዮ በደቂቃ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይበላል። እማማ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ ቀርፀዋል። ሦስት ጊጋባይት ማለት ነው። ታቦቱ ሲያልፍ እሳቸው ለመሳለም ጎንበስ ስላሉ፣ የተቀረፀው በአብዛኛው ፊት ለፊታቸው የቆመ ሰውዬ ማጅራት ነው። ሰውዬውን አሁን በደንብ አውቀዋለሁ። መንገድ ላይ ከኋላው ብደርስ ሰላም እለዋለሁ። ዩኔስኮ የጥምቀትን በዓል የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ አንተ ግን ባለቤቶችህ በተለዋወጡ ቁጥር በየዓመቱ ትመዘግበዋለህ።

«እማማ፣ ይህን ላጥፋው?»

«ኧረ በእመቤታችን! በረከቱን?»

«እሺ ይህን ሰውዬ ያውቁታል?»

«አላውቀውም። ቢሆንም ተይው፤ ሰው እኮ ነው።»

በዚህ እማማን አልፈርድባቸውም። የጎንደር ሰው ማጥፋት አይሆንለትም። እስቲ የፋሲል ግቢን ተመልከት። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ቆርቁሮ ግንቡን ሠራ። ዮሐንስ መጥቶ ቤተ መጻሕፍቱን ጨመረ። ኢያሱ የራሱን ግንብ ደረበ። ዳዊት አዳራሹን፣ በካፋ የሱን፣ ምንትዋብ የሷን። አንዳቸውም የቀደመውን ሰርዘው ቦታ ለማስለቀቅ አልሞከሩም። አጥሩን አሰፉት እንጂ። ይኸው ዛሬ ዓለም በቅርስነት ይጎበኘዋል። ልዩነቱ ነገሥታቱ መሬት ነበራቸው። አንተ ያለህ 32 ጊጋባይት ነው፤ ከዚያም ላይ ገና ከሱቅ ሳትወጣ ሲስተምህ የራሱን ድርሻ ቆርሶ ወስዷል።

ደግሞ ጥፋቱ የአንተ ነው። የእማማ አይደለም። ቴሌግራም የመጣውን ቪዲዮ ሁሉ ሳይጠየቅ እንዲያወርድ የፈቀድክለት አንተ ነህ። ያወረደውን ደግሞ ወደ ጋለሪ ገልብጦ ሁለተኛ ቅጂ እንዲያስቀምጥ የተስማማኸው አንተ ነህ። እማማ የተቀላቀሏቸው ግሩፖች ሌሊቱን መዝሙርና ስብከት ሲለቁ፣ እሳቸው ተኝተው አንተ በሳቸው ዳታ ስታጭድ ታድራለህ። ጠዋት ካርዱ አልቋል፣ ቦታው ሞልቷል። ከዚያ አውላላ ሜዳ ላይ ትተሃቸው «ቦታ የለም» ትላለህ። ያጠፋሁልህን እንኳ ወዲያው አትለቅም፤ ቅርጫት ውስጥ ወር ያህል ታቆየዋለህ። እኔም ቅርጫትህን ተከትዬ መድፋት አለብኝ።

ይህን ስጨርስ እማማ የሚመርቁኝን ብትሰማ! «ምን ያለ ጭንቅላት ነው! ዕውቀት ይጨምርልሽ። ጥሩ ባል ይስጥሽ።» (ለጊዜው የምፈልገው ለኮምፒውተሬ ተጨማሪ ማስታወሻ፣ ራም ነው፤ ቢሆንም አሜን።) ከሰዓት በኋላ ዳቦ ይላካል። በበዓል ጠላም አለ። ደረሰኝ አልቆርጥም።

ሆድ የሚያስብሰኝ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ አድምጠኝ። አንተን በነካሁበት ቅጽበት ኢንጂነር እሆናለሁ። የቀረውን ቀን ግን «ተቀምጣለች» ነው።

ተቀምጬ ምን እንደምሠራ ልንገርህ። ለአንድ መድኃኒት ቤት የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው። ፓኮው ላይ የሚታተመው የማብቂያ ቀን በፈረንጅ ነው። ሽያጩ፣ ሂሳቡ፣ የባለሙያው ጭንቅላት በኛ አቆጣጠር ነው። 06/2020 የሚል ፓኮ አየህ እንበል። በፈረንጅ ከሆነ መድኃኒቱ ሰኔ 23 ቀን 2012 ላይ አብቅቶለታል። በኛ አቆጣጠር ያነበበው ሰው ግን የካቲት 2020 ብሎ መደርደሪያ ላይ ይመልሰዋል። ያለቀለት መድኃኒት ዕድሜ ይቀጠልለታል ማለት ነው። ይህ እንዳይሆን ቀን የሚለውጥ ኮድ ጻፍኩ። ጽፌ ስጨርስ ደግሞ ጳጉሜን መጣች። ከውጭ ያመጣነው የቀን ኮድ ዓመት 12 ወር ነው ብሎ የማለ ነው፤ 13ኛ ወር ስትሰጠው «ስሕተት» ብሎ ይተኛል። ጳጉሜን ራሷ አንዴ 5፣ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ናት። 2015 ላይ 6 ሆና ነበር፤ በዚያም ምክንያት የ2016 እንቁጣጣሽ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ላይ ዋለ። ይህን ሁሉ ማሽኑ እንዲያውቀው ማድረግ ቀን ይፈጃል፣ ሌሊትም ይፈጃል። ሲሠራ ግን ምንም አይታይም። የማይታይ ነገር ደግሞ አያስመርቅም።

ሌላም አለ፤ ይሄኛውስ አንተንም ይነካል። እማማ ባለፈው «እስቲ ፀሐይን ደውይልኝ» አሉኝ። ፈለግኩ፣ የለችም። ቁልቁል ስወርድ ግን ሦስት ቦታ አለች። የልጅ ልጆቻቸው በየተራ መዝግበውላቸዋል፤ አንዱ በፀሐዩ ፀ፣ አንዷ በጸሎቱ ጸ፣ ሦስተኛው ሐመሩን ሐ ትቶ በሃሌታው። በዚህ አያያዝ አንድ ፀሐይ 12 ዓይነት ልትጻፍ ትችላለች። ለሰው ያው ፀሐይ ናት። ለማሽን ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጣቸው መዝገብ ውስጥ፣ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ስለተሰጠው፣ 12 የተለያዩ ሴቶች ናቸው። በኔ ሶፍትዌር ውስጥ በየትኛውም ብትጽፋት ትመጣለች። ለዚያ ብዬ ሞክሼ ፊደላቱን አንድ በአንድ ያጋባሁት እኔ ነኝ። አንተ ግን አሁንም «አልተገኘም» ትላለህ። ይህን ለእማማ ማስረዳት ስጀምር፣ «እሱን ተይውና ቦታ ስጪልኝ» አሉኝ።

ታናሽ ወንድሜን ታውቀዋለህ። ባለፈው ሳምንት በአጎቴ እጅ ስትመጣ «እኔ አልችልበትም» ብሎ ወደ እኔ ክፍል የመራህ እሱ ነው። እሱም ላፕቶፕ አለው። ኳስ ይጫወትበታል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ፊቱን ሲያጠቁር እናቴ ልጆቹን «ዝም በሉ፣ ሥራ ላይ ነው!» ትላለች። ቡና ይሄድለታል። ጎል ሲገባበት በጩኸት ብድግ ይላል፤ «አይ፣ ሥራው ከባድ ነው» ይባልለታል። እኔ ጋ ደግሞ ቡናው ሲደርስ «ነይ አፍዪልን እንጂ፣ ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ» ነው።

መድኃኒት ቤቱ ጋ ሥራውን ለማሳየት የሄድን ዕለትም እንዲሁ ነበር። አብሮኝ የነበረው ልጅ ለልምምድ የመጣ ተማሪ ነው። ባለቤቱ ጥያቄውን ሁሉ ለልጁ ያቀርባሉ፣ ልጁ ወደ እኔ ያያል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እሳቸው ለልጁ «ጎበዝ» ይላሉ። ለእኔ ሻይ አዘዙልኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሁለተኛም አዘዋል። በዚህ በዚህ አንተ አትታማም። ጣቴ ሲነካህ «ወንድ ባለሙያ ጥሩልኝ» ብለህ አታውቅም። ለማንም እኩል ትሞላለህ፣ ለማንም እኩል ትቆልፋለህ። ለዚህ ምስጋናዬ ይድረስህ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከ11 ሰዓት በፊት እንዳትመጣ። ስትመጣ ቻርጀርህን ይዘህ ና፤ መብራት የጠፋ ቀን ከላፕቶፔ ባትሪ ላይ ስትመጠምጥ አይቼሃለሁ፤ ያቺ ባትሪ የእንጀራዬ ናት። ቴሌግራም ራሱ እያወረደ እንዳይሞላህ ዘግቼብሃለሁ። እማማ «ቪዲዮው አልመጣም» ካሉህ አንዴ ንካኝ በላቸው፤ ያን ጊዜ ይወርዳል። ሰውዬውን ግን፣ ባለ ማጅራቱን፣ እማማ እምቢ ስላሉ አልነካሁትም። ሦስቱን ጊጋባይት ወደ እኔ ሃርድ ዲስክ ገልብጬዋለሁ። አዎ፣ ለሥራ ብዬ የገዛሁት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። አትሳቅ።

ከሠላምታ ጋር
«የኛ ልጅ»

ግልባጭ፡
ለእናቴ (ሴትዮዋ ከየትኛው ደብር እንደሆኑ እንድታጣራ፤ ስልካቸው ከእኔ ጋር ነው)
ለታናሽ ወንድሜ (ጨዋታው ሲያልቅ)
ለአለቃዬ (እማማ «እየበላህ» ብለውሃል)

ማሳሰቢያ፡ ይህን ደብዳቤ በስክሪንሾት አባዝቶ ወደ ዕድሩ ግሩፕ መላክ ክልክል ነው። ተመልሶ የሚመጣው እኔው ጋ ነው።