ሜዳ ካልመጣሽ አታውሪ አሉኝ

ደጋፊነት በትራንስፖርት ብር መለካት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? እስኪ የገባው ያስረዳኝ።

ሰሞኑን የጎንደሩ ክለባችን ፋሲል ከነማ ነጥብ ጣለ። እኔም የደጋፊዎች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "አሰላለፉ አልገባኝም፣ አማካዩ ሳስቷል" ብዬ ጻፍኩ። ስድብ የለበት፣ ምን የለበት። ወዲያው አንዱ "ከሜዳ ነው ከኩሽና?" አለኝ። ሌላው አዳማ ስታዲየም የተነሳውን ሰልፊ ለጠፈ። ሳቅ በሳቅ ሆኑ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ወንድ ያንኑ ነገር ሲጽፍ "ልክ ብለሃል ወንድሜ!" ተባለ። ጉድ እኮ ነው!

እሺ ሜዳ። የቱ ሜዳ? ከ2013 ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ነው የሚካሄደው። የፋሲለደስ ስታዲየም እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው፤ ቡድኑ ግን ሌላ ከተማ ይጫወታል። አዳማ ለመድረስ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ በአውቶብስ፣ ካልሆነ በአውሮፕላን። አውሮፕላን ማረፊያው ሩቅ አይደለም፣ አዘዞ ነው። ሩቁ ብሩ ነው።

"ኳስ ማሳያ ቤት ገብተሽ እዪ" የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ። ገብቻለሁ። ጨዋታውን ትቶ እኔን የሚያይ አይጠፋም። "ማንን ብላ መጣች?" ይባላል። ጎል ገብቶ ስጮህ ዞር ብለው ይስቃሉ። የማታ ጨዋታማ ጭራሽ አይታሰብም። ባጃጅ በጊዜ ይገባል፣ እማዬም በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ። ወንድሜን ግን ማንም ቆሞ አይጠብቀውም።

ሰፈራችን አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ። ጨዋታ ካለ ስልኩን መሪው አጠገብ በላስቲክ ያስረዋል። ዳታ ስለሚቆጥብ ውጤቱን ብቻ ነው የሚያየው። ፋሲል ሲያገባ ክላክሱን ይለቀዋል፤ ተሳፋሪው ክው ይላል። አንድ ቀን እንደውም ከደስታው ብዛት ሂሳብ አልቀበልም ብሎኛል። ሜዳ ሄዶ አያውቅም። ሥራ ካቆመ ልጆቹ ምን ይበላሉ?

ለሚጓዙት ክብር አለኝ። ብዙዎቹ ከጉሮሯቸው ቀንሰው ነው የሚሄዱት፤ እነሱ ባይኖሩ ቡድኑ ብቻውን ነበር። እነዚህ ሲሰድቡ ግን አላየሁም። ደሜን የሚያፈላው አሜሪካ ያለ ወንድሙ ትኬት ቆርጦለት፣ ሆቴል ይዞለት ሄዶ ሲያበቃ እኔን "የፌስቡክ ደጋፊ" የሚለኝ ነው። ወንድም መታደል ከመቼ ወዲህ ነው ታማኝነት የሆነው?

የሊጉን ዋንጫ በ2013 ስናነሳ እኮ ጎንደር አንድም የሊግ ጨዋታ አላስተናገደችም! ያኔ ፒያሳ ላይ ተቃቅፈን ስንጨፍር ማን ነው "ሜዳ ነበርሽ?" ያለኝ?

አሁን ደግሞ አድሚኑ አዲስ ሕግ ሊያወጣ ነው አሉ። ስታዲየም የተነሳው ፎቶ የሌለው ሰው ግሩፑ ላይ አስተያየት አይሰጥም። የባጃጁ ሹፌር ታዲያ ምን ይላክላችሁ? የክላክሱን ፎቶ?