ለሽቦው ባለ ካባ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ክቡር ውዱ የብስክሌት ሽቦ ሽፋን
ባሉበት፣ ከመስታወት ሣጥኑ ውስጥ

ጉዳዩ፦ በካባዎ ምክንያት የተናጋውን የወር ወጪዬን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ተራ ሰላምታ ያላቀረብኩት እርስዎን የነካካ ነገር ሁሉ ዋጋው እንደሚንር ስላየሁ ነው።

እኔ በሀዋሳ ከተማ የምኖር፣ ሥራዬም ገበያዬም በብስክሌት የሆነ ሰው ነኝ። ከተማችን ለብስክሌት ሲባል የተደለደለች ትመስላለች፤ ባጃጁን ካለፉት የሚያስቸግር ነገር የለም። ሰሞኑን ግን የኋላ ፍሬኔ ጠባዩ ተለወጠ። ስጨብጠው ለመያዝ ያመነታል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ እንደ ነባር የዕድር ሊቀ መንበር አልለቅም ይላል። አንድ ቅዳሜ አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ስደርስ ፍሬኑን ብጨብጠው ሐሳቡን እስኪሰበስብ ድረስ አንድ አባ ኮዳ ፊት ደረስኩ። ወፉ ንቅንቅ አላለም። መላጣውን ዘንበል አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ እንዲህ ያለ ንቀት ከአማቴ ወዲህ አላየሁም።

ጠጋኙ ብስክሌቴን ገልብጦ መረመረና፣ «ጋሼ፣ ፍሬኑ ጤነኛ ነው። ሽቦው ነው ውስጥ ለውስጥ የታነቀው፤ ሽፋኑ ይቀየር» አለኝ። ተስማማን። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔና እርስዎ ባልተዋወቅን ነበር። ነገር ግን የጎረቤቴ ልጅ፣ ባለ እሽቅድድም ብስክሌቱ፣ ከአጠገባችን ቆሞ ኖሮ «ጋሼ፣ ከቀየሩ አይቀር ዋናውን ይግዙ» አለ። ይህች «ከሆነ አይቀር» የምትባል ፈሊጥ ስንቱን ደጋሽ ለብድር ዳርጋለች!

ስለዚህ ሱቅ ድረስ መጥቼ ጎበኘሁዎ። እንደ ዶቃ የተሰካኩ የአሉሚኒየም ቁርጥራጮች፣ ወርቃማ ቀለም፣ የጌጥ ሣጥን። ለሽቦ መሆንዎን ባላውቅ ለሙሽራ አንገት ነው የምልዎት። ዋጋዎን ስሰማ ሻጩ ስለ ሙሉ ብስክሌት የሚነግረኝ መስሎኝ ነበር። «ክብደት ይቀንሳል» አለኝ። ግራሞች! ወንድሜ፣ እኔ በዚህ ብስክሌት አንድ ጥቅል ቆጮ፣ ስምንት ቆሮሶና ራሴን እጭናለሁ። ግራም መቀነስ ካስፈለገ ከቦርጬ ይጀመር።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና የዘር ሐረግዎን አጣራሁ። አያትዎን ኧርነስት ቦውደን የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ በእንግሊዝ አገር በፈጠራ ሥራነት ያስመዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ በፈረንጁ አቆጣጠር እኛ ዓድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት መሆኑ ነው። የተጣለባቸው አደራ አጭር ነበር፦ ሽቦው ሲጎተት እርስዎ ሳይጨመቁ ቀጥ ብለው ይቆዩ። የጨበጥኩት ጉልበት ሳይሸራረፍ ፍሬኑ ጋ የሚደርሰው ሽፋኑ አላጥር ሲል ነው። ወርቅ ቀለም ስለ መቀባት የተባለ ነገር የለም።

ቤተሰብዎ ሁለት ጎሣ መሆኑንም ጠጋኙ አሮጌ ሽፋን ቀዶ አሳየኝ። የፍሬኑ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ በውስጡ ብረቱ እንደ ሰፌድ ዙሪያውን ተጠምጥሟል። የማርሹ 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሽቦዎቹ እንደ መጥረጊያ ጭራሮ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ምክንያት አለው። ጥምጥሙ ሲጨመቅ ትንሽ ያጥራል፤ የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቀጭ እያለ ቦታውን የሚይዝ ማርሽ ይዞ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ያቺ ትንሽ ማጠር እንኳ ማርሹን ታዘባርቀዋለች። ስለዚህ ለማርሽ ጭራሮው ተመረጠ። ለፍሬን ግን ጭራሮው አይታመንም። ፍሬን ሲጨበጥ ጉልበቱ ብዙ ነው፤ የተደረደሩት ሽቦዎች ፕላስቲኩን ቀደው ሊፈነዱ ይችላሉ፣ ያውም ሰው ከልቡ በጨበጠበት ሰዓት። የማርሽ ሽፋን ለፍሬን የሚሸጥ ነጋዴ ካለ፣ በእርስዎ ላይ ያለኝን ሽሙጥ ለጊዜው አቁሜ በእርሱ ላይ ከልቤ እቆጣለሁ።

አሁን ወደ ምሥጢርዎ ልግባ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ካባዎን መግለጤ ነው። በእነዚያ ዶቃዎች ውስጥ ሽቦው የሚንሸራተትበት ነገር ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። የተራው ሽፋንም ውስጡ ፕላስቲክ አለው። የእርስዎ የጠራና የለሰለሰ መሆኑን አልክድም፤ ቢሆንም የኮብልስቶኑ አቧራና የክረምቱ ጭቃ ካባ አይቶ አይመለስም።

ጠጋኙ ተራውን ሽፋን በሜትር ገዝቶ ሥራ ጀመረ። የድሮው ሽፋኔ በፒንሳ ተቀጥቅጦ የተቆረጠ ኖሮ አፉ ተጣሞ ሽቦውን ነክሶታል፤ የሁለት ሳምንት መከራዬ ይኸው ነበር። አዲሱን በደህና መቁረጫ ቆረጠው፤ ጫፉን እንደ ጠረጴዛ ቀጥ እስኪል በሞረድ ሞረደው፤ ሲቆረጥ የተጨፈለቀውን የፕላስቲክ አፍ ደግሞ ባለቤቴ ሰፌድ በምትሰፋበት ወስፌ ከፈተው። (ወስፌው እስካሁን አልተመለሰም። እርሷ ይህን ደብዳቤ ካነበበች ጉዳዩ ወደ ሌላ ችሎት ይሄዳል።) ከዚያ ጫፍ ጫፉን የብረት ቆብ አለበሰው፤ የዛገውን ሽቦ ጥሎ አዲስ አስገባ፤ ከመሪው ሥር እንደ እንብርት ተጠቅልሎ የነበረውን ትርፍ ሽፋን አሳጠረው፣ ጥምዝ በበዛ ቁጥር ሽቦው ይታሻልና። እኔ ግራሶ ጨምርበት ብለው «ጋሼ፣ አቧራ በግብዣ ልጥራ?» አለኝ።

ከታቦር ተራራ ሥር ያለች ቁልቁለት ላይ ሞከርኩት። ጨበጥኩ፣ ያዘ። ለቀቅኩ፣ ለቀቀ። እርስዎ በቦታው አልነበሩም።

ያም ሆኖ ግፍ አልሠራም። በኋላው ማርሽ ላይ ሽቦው ዞሮ የሚገባባት አጭር ቅስት አለች፤ መሬት ትቀርባለች፣ የጎማ ጭቃ ትጠግባለች፣ ማርሹም የሚሳሳተው በአብዛኛው እዚያ ነው። በዚያች ቦታ የተሻለ ጥራትና ውኃ የሚከላከል ቆብ ያለው ሽፋን ገንዘቡን ይመልሳል። በሽቦ የሚጎተት ባለ ዲስክ ፍሬን ብስክሌት ያለው ሰውም የማይጨመቀውን፣ ለፍሬን ተብሎ የተሠራውን ዓይነት ቢገዛ እጁ ላይ ልዩነቱን ያገኘዋል። የእኔ ግን ባለ ጎማ ፍሬን ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ማመልከቻዎ ታይቶ ከቤተሰብዎ አንድ ሰው ከኋላው ማርሽ ላይ በ30 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲቀጠር ተወስኗል። ለቦታው የተመረጠው የዶቃ ጌጥ የሌለው ታናሽ ወንድምዎ ስለሆነ፣ ሥራውን እርሱ ይጀምራል፤ እርስዎ በተጠባባቂነት ከመስታወቱ ውስጥ ይቆዩ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጎረቤቴ ልጅ፣ አንብቦ እንዲመልስ
ለባለቤቴ፣ ወስፌውን ስለሚመለከተው አንቀጽ ብቻ
ለአሞራ ገደሉ አባ ኮዳ፣ ለመረጃ ያህል